ለሰባት ጎረምሶችና ኮረዶች የገና ስጦታ፦ ከኅዳር ማብቂያ እስከ ዋዜማው የተያዘ ማስታወሻ

ኅዳር 24

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ሰባት የዘመድ ልጆች። ሁለቱ ደሴ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ፣ ሁለቱ ሐይቅ፣ አንዱ ላሊበላ። በጀቱ በጠቅላላ 4,200 ብር፣ ለአንድ ልጅ 600 ብር ነው። የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ እዚህ የሚጻፈው በአብዛኛው መጠንና ልክ ነው። ዋጋውን አንባቢ በራሱ ገበያ ይጠይቅ።

ገና ታኅሣሥ 29 ነው (በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 28 ይሆናል)። የላሊበላው ዕቃ ግን ከታኅሣሥ 20 በፊት መነሳት አለበት። ከዚያ ወዲያ በወልድያና በጋሸና የሚያልፈው መኪና ሁሉ ተሳላሚ ይሞላዋል፤ ዕቃ አድርስልኝ የሚባል ሰውም አይገኝም።

የምርጫው መመሪያ አንድ ብቻ ነው፤ ከውድ ዕቃ ርካሹን ሳይሆን ከርካሽ ዕቃ ምርጡን መግዛት። በ600 ብር የሚገኝ ፓወር ባንክ የፓወር ባንክ ጭራ ነው። በዚያው ብር የሚገኝ የቻርጀር ገመድ ግን ከገመድ ሁሉ ደህናው ሊሆን ይችላል። ጎረምሳ ዋጋ ባያውቅ ደረጃ ያውቃል። የወረደ ስፒከር ይዞ ጓደኞቹ መሀል ከመቆም ስፒከር ባይኖረው ይመርጣል።

ልብስ ከዝርዝሩ ወጥቷል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ ከገና በኋላ 12 ቀን ሳይሞላ ወላጅ ራሱ ልብስ ይገዛል። በዚህ በጀት ከእሱ ጋር መፎካከር ትርፉ ድካም ነው።

ኅዳር 27

የመረጃ ሥራ። ልጁን «ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ወይ «ምንም» ይላል ወይ ስልክ ይላል። የሚጠየቀው እናት ወይም ታላቅ እህት ናት፤ ጥያቄውም «ምን ተበላሸበት? ምን ጠፋባት? ከማን እየተዋሰች ነው?» የሚል ነው። ከዚህ ጋር አራት ልኮች አብረው ይጠየቃሉ፦ የስልኩ ሞዴል፣ የቻርጀሩ አፍ (ታይፕ ሲ ወይስ የድሮው ማይክሮ)፣ የጭንቅላት ዙሪያ ከነጸጉሩ፣ የእጅ አንጓ ዙሪያ።

የወጣው ድልድል፦ የደሴው 12ኛ ክፍል ተማሪ በእጅ የተሰፋ ወፍራም ደብተር፤ የደሴዋ የ14 ዓመት ልጅ ሳቲን ገበር ያለው የሹራብ ኮፍያ፤ የኮምቦልቻው ወንድ ደህና የቻርጀር ገመድ፤ የኮምቦልቻዋ በአንገት የሚንጠለጠል የስልክ ቦርሳ፤ የሐይቁ የ13 ዓመት ልጅ የገና ዱላ ከነሩሩ፤ የሐይቋ ደብተርና የዶቃ አምባር፤ የላሊበላው ደብተርና ኮፍያ።

ኮፍያ ለኮምቦልቻ አልተመደበም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ታኅሣሥ ላይ ጧት ጧት የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ይገባል። ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ የሱፍ ኮፍያ የሚያደርግ ጎረምሳ የለም።

የኮምቦልቻዎቹ የአክስት ልጆች ሙስሊሞች ናቸው። በገና ለእነሱም መስጠት፣ በዒድ ከእነሱ መቀበል በወሎ ቤተሰብ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የጨርቁ ጥለት ላይ ነው። የጥበብ ጥለት ብዙውን ጊዜ መሀሉ ላይ መስቀል አለው፤ ለእነሱ ሰንበር ወይም ደረቅ መስመር ብቻ ያለበት ይመረጣል።

ታኅሣሥ 1

የገና ዱላው ቀድሞ መጀመር አለበት፤ ዘይቱ እስኪደርቅ ጊዜ ይበላል። እንጨቱ ወይራ ነው። ተገዝቶ ከመጣ የማገዶ ሸክም ውስጥ፣ ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመና ውስጡ የደረቀ ተመርጧል። እርጥብ ቆርጦ በእሳት ማጉበጥም ይቻላል፤ ነገር ግን በጥድፊያ የደረቀ ወይራ ከጫፉ ይሰነጠቃል። እርጥብ የያዘ ሰው ሁለቱንም ጫፍ በቀለጠ ሰም ይድፈን፤ እርጥበቱ በጫፍ በኩል ቶሎ መውጣቱ ነውና የሚሰነጥቀው።

ልኩ ለ13 ዓመት ልጅ ከመሬት እስከ ዳሌው፣ 85 ሴንቲ ሜትር። ቆልማማው ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል። መያዣው ከላይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቀጥናል፤ ከዚያ ካነሰ በመጀመሪያው ኃይለኛ ምት ይሰበራል። መጀመሪያ በቢላዋ፣ ቀጥሎ በሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ መጨረሻ በለስላሳው። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ጧት የቆመውን የእንጨት ጭረት ደግሞ በለስላሳው መውሰድ። ይህን የዘለለ ዱላ ላብ ሲነካው ተመልሶ ይሻክራል።

ቅባቱ የተልባ ወይም የኑግ ዘይት ነው፤ ሁለቱም ቀስ ብለው የሚደርቁ ዘይቶች ናቸው። በጨርቅ በስሱ ተቀብቶ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈው ተጠርጎ ይነሳል። ወፍራም ከተቀባ ለሳምንታት እንደተጣበቀ ይቀራል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ አይጣልም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ስለሚሞቅ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ተዘርግቶ ደጅ ይሰጣል።

ሩሩ ከእንጨት አልተሠራም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ቢባልም የ13 ዓመት ልጅ ቅልጥም ላይ የእንጨት ሩር ጨዋታ አይደለም። ጨርቅ አጥብቆ ጠቅልሎ፣ በቀጫጭኑ የተቆረጠ የጎማ ካላማዳሪያ እየሳቡ ማጠንጠን፣ 7 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ በእርጥብ ጠፍር መጠቅለል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ራሱን ያጠብቃል። ጫፉ ከሌሎቹ ዙሮች በታች በወስፌ ተስቦ ካልገባ ግን በጨዋታው መሀል ይተረተራል።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ባቲ። የሰኞው ገበያ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም የሚገናኝበት። ለዶቃ ብቻ ብሎ መሄድ አያዋጣም፤ ሌላ ጉዳይ ላለው ሰው መላክ ይሻላል። ለተላከው ሰው «ዶቃ አምጣልኝ» አይባልም፤ ልክና ቁጥር ተጽፎ ይሰጠዋል፦ 6 ሚሊ ሜትር፣ 30 ፍሬ፣ ሁለት ቀለም፣ ቀዳዳው ክር የሚያሳልፍ።

የልጅቷ አንጓ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። አምባሩ ከአንጓው በ1 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ 16 ሴንቲ ተኩል ለ6 ሚሊ ዶቃ 27 ወይም 28 ፍሬ ይወስዳል። ሁለቱ ትርፍ ናቸው፤ ከባቲ ከሚመጣ ዶቃ ቀዳዳው የተደፈነ ወይም ጠርዙ የተሸረፈ አይጠፋም። የተሸረፈው መጣል አለበት፤ ክር የሚቆርጠው እሱ ነው።

ላስቲክ ክሩ ከመሰካቱ በፊት ተደጋግሞ ይሳባል፤ አለዚያ ከተሰካ በኋላ ይለጠጥና በዶቃዎቹ መሀል ክፍተት ያሳያል። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ ተጠምዝዞ ይታሰርና የጥፍር ቀለም ጠብ ይደረግበታል። ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ላስቲኩን ያደርቀውና በቋጠሮው ሥር ያስበጥሰዋል።

ታኅሣሥ 9

ደብተሮቹ። ከሁሉ ብዙ ሥራ ያለበት ይህ ነው፤ በዋጋ ግን ከሁሉ ርካሽ።

ለአንድ ደብተር 40 ነጭ ኤ4 ወረቀት፤ ለሦስቱ 120፣ ለብልሽት 10 ተጨምሮ 130። ሙሉ ደስጣ መግዛት ሳያስፈልግ ፎቶ ኮፒ ቤት በፍሬ ይሸጣል። አምስት አምስት ወረቀት አንድ ላይ ለሁለት ይታጠፋል፤ ስምንት ጥራዝ ይወጣል። አንዱ ጥራዝ 10 ቅጠል ስለሆነ ደብተሩ 80 ቅጠል፣ 160 ገጽ ይኖረዋል።

አምስት የተባለው በምክንያት ነው። የወረቀት ጭረት እንደ እንጨት ጭረት አቅጣጫ አለው፤ በኤ4 ላይ ብዙውን ጊዜ በቁመቱ ይሄዳል። ለሁለት ሲታጠፍ እጥፋቱ ጭረቱን ያቋርጠዋል፤ ወረቀቱም ታጥፎ አይተኛም፣ ይነሳል። ስምንት ወይም አሥር አንድ ላይ የታጠፈ እንደሆነ ጀርባው ያብጣል፣ የውስጠኞቹ ቅጠሎች ከዳር ይወጣሉ። አቅጣጫውን ለማወቅ ከተበላሸው አንዱን በቁመትም በወርድም መቅደድ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተቀደደበት የጭረቱ መንገድ ነው። እያንዳንዱ እጥፋት በማንኪያ ጀርባ ይታሽና ሁሉም በአንድነት ጋዜጣ በተጠቀለለ ብሎኬት ሥር ያድራል። ሳይጫን የተሰፋ ደብተር ከተሰፋ በኋላ ቢጫን አይስተካከልም።

ታኅሣሥ 11

ስፌቱ የብራና መጻሕፍት አሰፋፍ ነው፤ ጀርባው ላይ ሰንሰለት የሚሠራው። ሙጫ አይፈልግም፣ ሲገለጥም ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ለሚያጠና ልጅ ከሱቅ ደብተር የሚበልጠው በዚህ ነው። (ለሐይቋ ልጅ ይህ ደብተር መድረሱ ደስ ይላል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ፣ መጻሕፍት የሚጻፉበትና የሚሰበሰቡበት ገዳም ነበር።)

ቀዳዳ፦ የጀርባው ቁመት 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ከላይ በ3፣ በ6፣ በ15 እና በ18 ሴንቲ ሜትር ላይ አራት ቀዳዳ፤ ማለት ሁለት ጥንድ። ልኩ አንድ ካርቶን ላይ ይወጣና ጥራዞቹ ሁሉ በእሱ ይበሳሉ፤ በዓይን ግምት የተበሳ ጥራዝ ሰንሰለቱን ያጣምማል። መብሻው ወስፌ ነው፤ ጥራዙ ተከፍቶ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በእጥፋቱ ላይ ልክ። የወስፌው ጫፍ ብቻ ይግባ። ቀዳዳው ከክሩ ከሰፋ ደብተሩ ይላላል።

ሽፋን፦ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ካርቶን፣ 15.2 በ21.4 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለት። ወፍራም ከጠፋ ሁለት ስስ ካርቶን ጭረታቸው ተሻግሮ ይጣበቃል። ጨርቁ ከልብስ ሰፊ የተለመነ የጥበብ ቁራጭ ነው፤ ልኩ 19.2 በ25.4፣ በዙሪያው 2 ሴንቲ ሜትር የሚታጠፍ። ልመናው አሁን ካልሆነ ከታኅሣሥ 20 በኋላ ሰፊዎቹ ቀና ብለውም አያዩ።

ሦስት እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ ይበጠበጥና ካርቶኑ ላይ ይቀባል። ጨርቁ ላይ ከተቀባ በስሱ ሸማ ያልፍና ፊት ለፊት ነጠብጣብ ያወጣል። በውስጥ በኩል ደግሞ ወረቀት ይለጠፋል፤ ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ጨርቁ ሲደርቅ ካርቶኑን ወደ ራሱ ስለሚያጎብጥ በሌላው በኩል የሚስበው እንዲኖር ነው። ሽፋኑ ጫና ሥር ያድራል። ሲደርቅ ከዳሩ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ከቀዳዳዎቹ ትይዩ አራት ቀዳዳ ይበሳል።

ክሩ የጥጥ ወፍራም ክር ነው፤ ለአንድ ጥንድ 1 ሜትር፣ በሁለቱም ጫፍ መርፌ። ከመሰፋቱ በፊት በጧፍ ላይ ይጎተታል፦ ጧፉ በአውራ ጣት ክሩ ላይ ተጭኖ ክሩ በፍጥነት ሲሳብ ሰሙ ሞቅ ብሎ ይገባዋል። ሰም ያልያዘ ክር በእያንዳንዱ ቀዳዳ ይቦጨቃል፣ ቋጠሮውም ያመልጣል።

ሁለቱ መርፌዎች ከመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ ተነስተው በጥንዱ ቀዳዳዎች ይወጣሉ፤ ሽፋኑን በስተውጭ ዞረው በሽፋኑ ቀዳዳ ገብተው በጥራዙና በሽፋኑ መሀል ክራቸውን ይጠልፋሉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ጥራዝ። ውስጥ ሲደርሱ ይሻገራሉ፤ የግራው በቀኙ ቀዳዳ፣ የቀኙ በግራው ይወጣል። ከወጡ በኋላ በቀጥታ ወደ ላይ አይሄዱም፤ ወረድ ብለው ከታች ያለውን ስፌት ጠልፈው ነው የሚወጡት። ሰንሰለቱን የሚሠራው ይህ ጠለፋ ነው። ስምንቱም ጥራዝ እንዲህ ካለቀ በኋላ የኋላው ሽፋን እንደ ፊተኛው ይታሰርና ክሩ የመጨረሻው ጥራዝ ውስጥ ይቋጠራል።

ክር ሲጠበቅ በጀርባው አቅጣጫ፣ ከጥራዙ ጋር ትይዩ ይሳባል። ወደ ላይ የተሳበ ክር ወረቀቱን እንደ ቢላዋ ይቀደዋል፤ ከሚበላሹት ደብተሮች አብዛኛው በዚህ ነው የሚበላሸው። ጥብቀቱ ከመጀመሪያው ጥራዝ ጀምሮ እኩል መሆን አለበት፤ የታችኛው ላልቶ የላይኛው ከጠበቀ ደብተሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ መፍታት እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ታኅሣሥ 14

ኮፍያዎቹ በኪሮሽ፣ ባለ 5 ሚሊ መንጠቆ፤ ለአንዱ 100 ግራም መካከለኛ የሹራብ ክር። የጭንቅላት ዙሪያ 56 ከሆነ ለመለጠጥ 4 ይቀነሳል፤ 52 ለ3.14 ሲካፈል የላይኛው ክብ ስፋት 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። በ6 ዓይን ተጀምሮ በየዙሩ 6 ይጨመራል፦ 12፣ 18፣ 24 እያለ። ክቡ ዳር ዳሩ ከተወዛወዘ ጭማሪው በዝቷል፤ እንደ ሳህን ከጎደጎደ አንሷል። 16 ተኩል ሲደርስ ጭማሪው ይቆምና ከአናቱ እስከ ጠርዙ 21 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ዝም ብሎ ይዞራል።

ሹሩባ የተሠራች ልጅ ዙሪያዋ ከነጸጉሯ ይለካል እንጂ በእናት ግምት አይሆንም። ወንዱም አፍሮ ከሆነ እንዲሁ።

ኮፍያውን ከገበያ ኮፍያ የሚለየው ገበሩ ነው። ሱፍና ጥጥ የጸጉርን ቅባት ይመጥጣሉ፣ ሲፋተጉም ጫፉን ይሰባብራሉ፤ ሳቲን ያንሸራትታል። ኮረዶቹ ይህን ያውቃሉ፤ ገበሩን ሲያዩ ሰጪው እንደገባው ይገባቸዋል። ሳቲን እንደ ሹራብ አይለጠጥም። ስለዚህ በኮፍያው ልክ ሳይሆን በጭንቅላቱ ልክ ይቆረጣል፦ ወርዱ 58 (56 እና ለስፌት 2)፣ ቁመቱ 18። በ52 ልክ የተቆረጠ ገበር ኮፍያውን ጭንቅላት ላይ አያስገባውም። ሁለቱ ዳር ይሰፋና የላይኛው አፍ በክር ተሰብስቦ ይታሰራል፤ የታችኛው ከኮፍያው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ኮፍያው እየተለጠጠ በዚግዛግ የእጅ ስፌት ይያያዛል። የሳቲኑ ዳር እንዳይተረተር በሻማ ነበልባል አጠገብ ፈጠን ተደርጎ ያልፋል። ሰው ሠራሽ ሳቲን ይቀልጣልና ዳሩ ይዘጋል፤ ከዘገየ ግን ይጠቁራል።

ታኅሣሥ 16

የቻርጀር ገመድ። 1 ሜትር፣ ታይፕ ሲ፣ አንገቱ ላይ የሚተጣጠፍ ላስቲክ ያለው። ገመድ የሚሞተው አንገቱ ላይ ነው። ሱቁ ውስጥ ስልክ ላይ ተሰክቶ ሁለቱም አንገት ይወዛወዛል፤ ቻርጁ ብልጭ ድርግም ካለ ይመለሳል። ከተቻለ ኮምፒውተር ላይ ይሰካ፤ ፎቶ የማያሳልፍ ገመድ ውስጡ ከአራቱ ሽቦ ሁለቱ የሉትም።

ሜሞሪ ካርድ ታይቶ ተትቷል። ላዩ ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ ካርድ ገበያውን ሞልቶታል፤ እውነቱ የሚታወቀው እስከ አፉ በቪዲዮ ተሞልቶ የመጨረሻው ፋይል ሲከፈት ነው። ባለሱቅ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።

ታኅሣሥ 18

የላሊበላው ዕቃ ተነስቷል። ደብተሩ ኮፍያው ውስጥ ገብቶ፣ ሁለቱም በፌስታል ታስረው፣ ላዩ ላይ የተቀባዩ ስም በትልቁ ተጽፎ። የሚይዘው ሰው የታወቀ ይሁን፤ መንገዱ ክፍት መሆኑም በዕለቱ ጧት ይጠየቅ።

ታኅሣሥ 23

የስልክ ቦርሳ። ስልኳ 16.5 በ7.7 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከነከቨሩ 1 ገደማ። አንድ ወጥ ጨርቅ 12 በ42፤ ከታች ይታጠፋል እንጂ አይሰፋም፤ ክብደት የሚሸከም ስፌት ከታች አይደረግም። ገበሩ በዚያው ልክ። ማንጠልጠያው 120 ሴንቲ ሜትር፣ ጫፎቹ በስፌቱ መሀል ገብተው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ይሰፋባቸዋል። ጥለቱ ሰንበር ብቻ ነው። ከቨሩን ሳይጨምር የለካ ሰው ቦርሳው ስልኩን አያስገባለትም፤ ልኬቱ እናትየዋ ዘንድ ተደውሎ ተረጋግጧል።

ታኅሣሥ 27

መጠቅለያው ያለፈ ዓመት ካላንደር ነው፤ ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ጀርባውም ነጭ። ማሰሪያው ከሽፋኑ የተረፈ ጥለት። ዱላው አይጠቀለልም፤ መያዣው ላይ ክር ይታሰርበታል፣ ይበቃዋል።

እኛ ዘንድ ስጦታ በሁለት እጅ ተቀብሎ ሰጪው ፊት አለመክፈት ጨዋነት ስለሆነ የልጁን ፊት አይቶ መገመት አይቻልም። ስለዚህ ልክ ሊስት የሚችለው ኮፍያና ቦርሳ ላይ «ከጠበበ በእናትሽ በኩል ላኪው» የሚል ብጣሽ ወረቀት ውስጡ ይገባል። እንዲህ ካልተባለ ዝም ብለው ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል።

ከበጀቱ የተረፈው ለላሊበላው ልጅ የኢንተርኔት ጥቅል ይሆናል፤ የደብተሩና የኮፍያው ወጪ ከሌሎቹ አንሷልና። ወርኃዊው ይገዛለት፤ የቀኑ ጥቅል በበዓል ግርግር ሳያየው ያልቃል። ጊዜው ከተገዛበት ሰዓት ጀምሮ ስለሚቆጠር ዛሬ አይላክም፤ በ29 ጧት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ስልኩን ሲያነሳ ይድረሰው።